ከዋጊኖስ እስከ ክትባት፤ የቆላው ክረምትና የሰውነት ጋሻ

ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኙ ሰዎች «እንደምን ከረማችሁ?» ተባብለው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ግሡ «ከረመ» ነው፤ ስሙም «ክረምት»። ዝናቡን፣ ጭቃውን፣ የጎተራውን መመናመንና የወራቱን ሕመም አልፎ ለመስከረም የበቃ ሰው «ከረመ» ይባላል። እንግዲህ ይህች በየአጋጣሚው ከአፋችን የምትወጣ ቃል ሰውነት ክረምቱን እንዴት እንደተቋቋመው የምትመረምር ጥያቄ ጭምር ናት ማለት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ደገኛውና ቆለኛው የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም። በደጋ ክረምት ማለት ጉንፋን፣ ሳልና ቁርጥማት ነው። እናቶች ፌጦ ይወቅጣሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ያዋሕዳሉ፤ ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ምች የመታውን በዳማ ከሴ ያሹታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ግን ሌላ አገርና ሌላ ክረምት ያገኛል። ሸሂዲ በሚል ስምም የምትጠራው ገንዳ ውሃ፣ ከእርሷም አልፎ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያየው መተማ ዮሐንስ የሚገኙት ከ1,000 ሜትር በታች ባለ ሜዳ ላይ ነው። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ የሚፈራው ብርዱ አይደለም፤ ንዳዱ ነው። አበው ንዳድ ያሉትን እኛ ዛሬ ወባ እንለዋለን።

በዛሬው ዘመን ስለ ሰውነት የመከላከያ ኃይልና ይህንኑ ኃይል በተፈጥሮ መንገድ ስለ ማጠንከር ብዙ ይወራል። ቅጠሉም ሥሩም ይወደሳል። ነገሩን በታሪክ ብርሃን ለመመርመር ከመተማ ቆላ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። ይህ ምድር የደገኛው ሰውነት በየዘመኑ የተፈተነበት፣ የሕዝብ መድኃኒት በዓለም መዝገብ የተጻፈበት፣ ዛሬም በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሠርቶ አደር በየዓመቱ ጤናውን ይዞ ወርዶ ሁልጊዜ ጤናውን ይዞ የማይመለስበት ምድር ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሕዝብ የጤና ዕውቀት እውነተኛ ቅርስ የሚሆነው ሲፈተን ነው፤ በተፈተነ ጊዜም ከቅጠሉና ከሥሩ ሁሉ የሚበልጠው የክረምት ጋሻ በቂ ምግብ፣ የተጠበቀ መኝታና በልክ የተሰጠ ክትባት ሆኖ ይገኛል።

ቆላ ይወረዳል እንጂ አይከረምበትም

ደገኛው ለቆላ ያወጣው ጥንታዊ ሕግ የጊዜ ሕግ ነበር። የሲራራ ነጋዴ ከጎንደር ወደ መተማ፣ ከዚያም ወደ ስናር የሚወርደው መሬቱ ሲጠነክርና ወንዙ ሲጎድል ነው። የመጀመሪያው ዶፍ ሳይወርድ፣ ጓንግና ሽንፋ ሳይሞሉ ወደ ደጋው ይመለሳል። ነገሥታቱም ቢሆኑ ዘመቻቸውን በበጋ አካሂደው ክረምቱን በደጋ ከተማቸው መክረምን ልማድ አድርገውት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሾች ጋር በመተማ የተዋጉት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ጊዜው የበጋው ማለቂያ መሆኑን ልብ ይሏል።

የሕጉ መሠረት ምን ነበር? አበው ንዳድን የሚያመጣው የቆላው አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ ከሌላው ዓለም የተለየ ስሕተት አልሠሩም። «ማላሪያ» የሚለው የኢጣልያኖች ቃል ራሱ «ክፉ አየር» ማለት ነው። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ የሚያሳየውን ቁልፍ ማስረጃ ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። እንግዲህ አበው ምክንያቱን ቢስቱም ጥንቃቄውን አልሳቱም። ትንኟን ሳያውቋት ከትንኟ ወራት ሸሹ። መድኃኒታቸው የቀን መቁጠሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

ሕጉን የጣሰ መንገደኛ ዕጣው ምን እንደነበረ አንድ ምሳሌ እንመልከት። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ዐፄ ኢያሱ አንደኛን ለማከም ተጠርቶ በስናር በኩል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1699 ነው። ከስናር የተነሣው በግንቦት፣ ጎንደር የገባው በሐምሌ ነበር። ቆላውን ያቋረጠው እንግዲህ ነጋዴው ሁሉ በሚሸሽበት ወራት መሆኑ ነው። አብሮት የተጓዘው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ደ ብሬቭዳን ጎንደር ሊገቡ ጥቂት መንገድ ሲቀራቸው ታሞ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱን ሊያክም የመጣው ሐኪም የመንገድ ጓደኛውን ሊያድን አልቻለም።

ይሁንና የጊዜው ሕግ የሚጠቅመው የሚመለስበት ደጋ ላለው ሰው ብቻ ነው። በዚህ ቆላ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ሕዝቦች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ጉሙዞች አሉ፤ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወደ መካ ሲጓዙ በመተማና በገላባት ሰፍረው የቀሩት ተክሩሮችም ነበሩ። ደገኛው እነዚህን ሕዝቦች እያየ «ቆላው ለእነርሱ ተስማምቷቸዋል» ይል ነበር። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በወባ ደጋግሞ የተያዘ ሰውነት ሙሉ ባይሆንም የመቋቋም ኃይል ያዳብራል። ነገር ግን ይህ ኃይል በነፃ አልተገኘም። ዋጋው የተከፈለው በሕፃናት ሞት ነው። የምናየው ጠንካራ ጎልማሳ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ መካከል የተረፈው ነው። በልጅነት ሞትን አልፎ የተገኘውን ጋሻ ስናደንቅ ያልተረፉትን መርሳት አይገባንም።

በሆር ካካሙት የተገኘችው ሥር

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኢትዮጵያ የነበረውን ቆይታ ፈጽሞ በስናር በኩል ወደ አገሩ ለመመለስ ከጎንደር የተነሣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1771 መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ የመተማ አካባቢ ራስ አል ፊል እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ትርጉሙ በዓረብኛ «የዝሆን ራስ» ነው። ብሩስ ሆር ካካሙት በተባለው የዚያ አገር መንደር እስከ መጋቢት 1772 ድረስ በጽኑ ተቅማጥ ተይዞ ቆየ። የመንደሩን ስም «የሞት ጥላ» ብሎ ፈትቶታል፤ ለደከመ በሽተኛ የሚያጽናና ስም አልነበረም።

በዚያ ሳለ የአካባቢው ሰዎች ሕመሙን የሚያክሙበትን መድኃኒት አስተዋወቁት። ብሩስ «ውጊኑስ» ብሎ የመዘገባት፣ እኛ ዋጊኖስ የምንላት ቁጥቋጦ ናት። ከሥሯ የተዘጋጀውን ዱቄት ወስዶ እንደዳነ ጽፏል፤ ሥዕሏንም አሠርቶ ዘሯን ወደ አውሮጳ ይዞ ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተክሏ «ብሩሴአ አንቲዲሰንተሪካ» ተብላ በሳይንስ መዝገብ ገባች። ስሙን ከፍለን ብናየው ብዙ ይነግረናል። የመጀመሪያው ቃል የመንገደኛው ስም ነው። ሁለተኛው «ተቅማጥን የምታሸንፍ» ማለት ሲሆን እርሱ የሕዝቡ ዕውቀት ነው። የባለ ዕውቀቱ ሕዝብ ስም ግን ከሁለቱም ውስጥ የለም።

የተክሏ ታሪክ በዚህ አላበቃም። ፔለቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ቀማሚዎች እ.ኤ.አ. በ1819 ከአንድ ልጣጭ አዲስ ንጥረ ነገር አወጡ። ልጣጩ የብሩስ ተክል መስሏቸው ንጥረ ነገሩን «ብሩሲን» አሉት። ልጣጩ ግን ከዋጊኖስ ጋር ዝምድና የሌለው፣ ስትሪክኒን የተባለው ብርቱ መርዝ የሚገኝበት ዛፍ ልጣጭ ነበር። ብሩሲንም እንዲሁ መርዝ ነው። ፈዋሿ ተክል በሰዎች ስሕተት ስሟን ለመርዝ አዋሰች። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1820፣ በደቡብ አሜሪካ ሕዝቦች ምድር ከሚበቅል ዛፍ ልጣጭ ኪኒንን አወጡ። ኪኒን ከመቶ ዓመት በላይ የዓለም ዋነኛ የወባ መድኃኒት ሆኖ ኖረ። አንዱ ልጣጭ ሕይወት ሆነ፤ ሌላው ሞት። በዱቄት መልክ ቀርበው በዓይን የሚያያቸው ሰው ግን በቀላሉ አይለያቸውም። በገበያ ላይ ስሙ ያልታወቀ ዱቄት በኩባያ ተሰፍሮ ሲሸጥ ይህን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል።

ዋጊኖስ እንደገና የተነሣችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በአሜሪካ የኩፕቻን የምርምር ቡድን ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የዚህች ተክል ናሙና «ብሩሴአንቲን» የተባለ ንጥረ ነገር አገኘ። በላቦራቶሪ የደም ካንሰር ሕዋሳትን በኃይል ስለገደለ ታላቅ ተስፋ አሳደረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ዕጢዎቹን ማሳነስ አልቻለም፤ ሙከራውም ቆመ።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ትምህርት እንቀስማለን። አንደኛው የራስ አል ፊል ሕዝብ የሚናቅ ዕውቀት እንዳልነበረው ነው፤ ተክሏን ለይቶ፣ የምትወሰደውን ክፍል አውቆ፣ ለየትኛው ሕመም እንደምትሰጥ ወስኖ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሰው ድኛለሁ ማለቱ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ነው። ተቅማጥ ሰውነት በርትቶ ሲታገለው በራሱ ጊዜ የሚቆምበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ብሩስን ያዳነው ሥሩ ይሁን ዕረፍቱ ከአንድ በሽተኛ ታሪክ መለየት አይቻልም። ለመለየት ብዙ ሕሙማንን ማወዳደር ያስፈልጋል። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በአራተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ መርምራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒንን ለማግኘት የበቃችው ይህን ድካም ስላልሸሸች ነው፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። የኛው አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር ያረጋገጡት በዚሁ መንገድ ነው። ሁለቱም ሰዎች ከሕዝብ ልማድ ተነሡ፤ ሁለቱም በሕዝብ ልማድ ላይ አልቆሙም።

«ከተበ» የሚለው ቃል

ሰውነትን በተፈጥሮው ኃይል ማጠንከር ሲባል አበው ያውቁት የነበረ፣ ዛሬ ግን ብዙ ሰው የባዕድ ነገር የሚመስለው አንድ ታላቅ ዘዴ አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ የአገሩ ሰዎች ፈንጣጣን ለመከላከል ከታመመ ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስደው ጤነኛውን ቆዳ በመብጣት እንደሚከትቡ ጽፏል። ሰውነት ጠላቱን በትንሹ አይቶ እንዲያውቀውና ለታላቁ ውጊያ እንዲዘጋጅ ማድረግ ማለት ነው። ዘዴው አደጋ ነበረው፤ አንዳንዱ በክትባቱ ይሞት ነበር፤ የተከተበውም በሽታውን ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችል ነበር። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር።

የቋንቋችንም ምስክርነት አለ። «ከተበ» በግእዝ «ጻፈ» ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ክታብ» ተገኘ፤ በአንገት የሚንጠለጠለው ጽሑፍ ነው። ከዚሁ ሥር «ክትባት» ተገኘ፤ በቆዳ ላይ የሚጫረው ነው። ያገራችን ሰው ራሱን ከበሽታ ለመጠበቅ በብራናም በቆዳም ላይ ጽፏል ማለት ይቻላል። ከሁለቱ ጽሕፈቶች በፈተና የጸናው በቆዳ ላይ የተጻፈው ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም የታየው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 ነበር። ያን የጥንት ጠላት ከምድራችን ያስወጣው ክትባት ነው። እንግዲህ ክትባት ከተፈጥሮ ውጭ የመጣ ነገር ሳይሆን የሰውነትን የተፈጥሮ ኃይል አሠልጥኖ ማሰለፍ መሆኑን የገዛ ቃላችን ይመሰክራል። ዘሪቱ ዋጊኖስ ብትሆን አውሮጳ ደርሳ የተመለሰች ሐሳብ ናት ባልን ነበር፤ ክትባት ግን ከመጀመሪያውም ቤታችን ነበረ።

ጎተራው ሲራቆት

የሰውነት ጋሻ ሲነሣ ከቅጠልም ከክትባትም አስቀድሞ መነሣት ያለበት እህል ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም. አገሪቱ «ክፉ ቀን» በሚባለው ዘመን ውስጥ ነበረች። የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ እርሻው ጠፍቶ፣ ድርቁና አንበጣው ተደርበው ሕዝቡ ተራበ። ፈንጣጣው፣ ተስቦው፣ ተቅማጡ የተከተለው ከረሃቡ በኋላ ነበር። በረሃብ ከሞተው ጎን ለጎን ረሃብ ባደከመው ሰውነት በሽታ ገብቶ የገደለው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ረሃብ በሩን ይከፍታል፤ በሽታ ይገባል።

ይህ ክስተት በመጠኑ አንሶ በየዓመቱ ይደገማል። ክረምት የሕመም ወራት ብቻ ሳይሆን የጎተራም ጾም ነው። ያምናው እህል ያልቃል፤ እሸቱ ገና ነው፤ የአረምና የጉልጓሎ ሥራ ግን ሰውነትን ከምንጊዜውም የበለጠ ይጠይቃል። ብዙ ጉልበት በሚወጣበትና ጥቂት እህል በሚበላበት ወራት ትንኙም ይፈለፈላል። «የክረምት በሽታ» የምንለው ነገር እኩሌታው «የክረምት ረሃብ» ነው።

ደጋውም ቢሆን ሁልጊዜ መጠጊያ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1958 ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ተጋጥመው ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው ከፍታ ወጣ። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ሞተ። የደገኛው ሰውነት ወባን አያውቀውም ነበርና ጋሻ አልነበረውም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1959፣ ወባን የማጥፋት አገልግሎት ተቋቋመ። ከዚያ አስቀድሞ በ1954 የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች በየገጠሩ ተሰማርተው ነበር። ታሪኩ ያለፈ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል።

የሰሊጡ ዘመን

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አካባቢ የጀመረው የሰፋፊ እርሻ ሥራ የአበውን የጊዜ ሕግ ሻረው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚታረሙት በክረምት ነው፤ ሰሊጥ የሚታጨደው በክረምቱ መውጫ፣ ወባ በሚበረታበት ሰሞን ነው። የሰሊጥ ፍሬ በጊዜው ካልታጨደ ከእምቡጡ ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋልና ሥራው ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ደገኛው ወጣት አባቶቹ ከቆላ ይሸሹበት በነበረው ወራት ወደ ቆላ ይወርዳል። በ1995 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ የክልሉ የሠፈራ ፕሮግራም ብዙ ቤተሰቦችን ወደ መተማና ወደ ቋራ አወረደ።

በዚህ ዘመን ከወባው ሌላ ካላዛር ወጣ። ካላዛርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባለው ከትንኝ ያነሰ ነፍሳት ነው። በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈርና የግራሩ ጥላ መኖሪያው ነው። ሠራተኛው ደግሞ ደክሞት የሚያርፈው በዚያው ጥላ ሥር፣ ሌሊት የሚያድረውም ብዙውን ጊዜ በሜዳ ወይም በዳስ ነው። በሽታው ሳይታከም ከቀረ ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆነውን በሽተኛ ይገድላል።

ለርእሳችን ትልቅ ትርጉም ያለው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የካላዛር ተሕዋስ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። በብዙው ሰው የመከላከያው ኃይል ተሕዋሱን ዝም ያሰኘዋል። ጋሻው የሚሰበረው ሰውነት በምግብ እጦት ሲጎዳ ወይም ኤች አይ ቪ ሲያደክመው ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የሌሽማኒያሲስ የምርምርና የሕክምና ማዕከል የሚቀበላቸው ብዙዎቹ ሕሙማን ወጣት ወንዶች፣ ከቆላ እርሻ የተመለሱ፣ ሥጋቸው ያለቀ፣ ጣፊያቸው ያበጠ ናቸው። ዋናው የተፈጥሮ መከላከያቸው ያልተበላው ምግብ ነበር።

ሕመሙ ከንክሻው በኋላ ወራት ቆይቶ መታየቱ ሌላው መከራ ነው። ሠራተኛው ደመወዙን ተቀብሎ ደጋ አገሩ ከገባ በኋላ ይተኛል። በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ብዙ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ2005 ነው። ተመራማሪዎች በሽታውን ወደዚያ ያመጡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ያምናሉ።

እንግዲህ የእናቶቻችን የክረምት መድኃኒት ከንቱ ነውን? አይደለም፤ ቦታው ግን መታወቅ አለበት። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ፌጦውና ማሩ ጉሮሮን ያለዝባሉ፤ ያፍታታሉ፤ ለምግብ ፍላጎት ይሰጣሉ። በመተማ ገበታ ላይ የሚቀርበው ሰሊጥ ዘይትና ገንቢ ምግብ አለው፤ ከርከዴው ጥምን ይቆርጣል፤ ሽፈራውና ባሚያው ገበታውን ያሟላሉ። ከወባና ከካላዛር የሚከላከል ቅጠል ወይም ሥር ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። አረቄም ደም አያጸዳም፤ የደከመን ሰውነት የባሰ ያደክማል። በሌላ በኩል ደግሞ ተፈትኖ ያለፈ ልማድ አለ። በቃፍታ ሑመራ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ሌሊት ከግራር ሥር ማደር ለካላዛር እንደሚያጋልጥ፣ አጎበር መጠቀምና ማታ ማታ ቤት ውስጥ ዕፅ ማጤስ ግን አደጋውን ከመቀነስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። የአያቶቻችን ጢስ በፈተናው አልወደቀም። አጎበሩን አይተካም፤ አጎበሩን ግን ያግዛል።

የመምህሩና የከያኒው ድርሻ

ይህን ሁሉ ለሐኪም ብቻ ትቶ መሄድ አይቻልም። በገንዳ ውሃ ሐኪም የሚያገኘው የታመመውን ሰው ነው። ከመታመሙ በፊት የሚያገኙት መምህሩ፣ የቀበሌው ሠራተኛና ከያኒው ናቸው።

መምህሩ ተማሪዎቹን ወደየመንደሩ ልኮ አዋቂዎች የሚያውቁትን ተክል ማስመዝገብ ይችላል። የተክሉ ስም፣ የበቀለበት ቦታ፣ የሚወሰደው ክፍል፣ የሚሰጥበት ሕመም፣ ከሁሉም በላይ ዕውቀቱን የሰጠው ሰው ፈቃድና ስም ይጻፍ። የዋጊኖስ ታሪክ የሚያስተምረን ሳይመዘገብ የቀረ ዕውቀት ወይ ይጠፋል፣ ወይ በሌላ ሰው ስም ይጠራል ብሎ ነው። መዝገቡ የመጨረሻው ግብ ሳይሆን የምርምሩ መነሻ እንዲሆን ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይድረስ።

የአስተዳደር ሰው ጥያቄው ይበልጥ ግልጽ ነው። ሠራተኛው ወደ እርሻው ከመሰማራቱ በፊት በውሉ ውስጥ ምን ምግብ እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር፣ አጎበር ማን እንደሚሰጠው ተጽፏልን? የምግቡ መጠንና የመኝታው ሁኔታ የሰብአዊነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው ከካላዛር የሚለየው ግድግዳ እርሱ ነው። ንጹሕ ውሃና መጸዳጃም ከዚሁ ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን ጦርነት ፈንድቶ ስደተኞች በመተማ በኩል ሲገቡ በኩመር መጠለያ ኮሌራ ተነሥቶ እንደነበረ አይረሳም።

ከያኒው በበኩሉ ስለ ቆላ የወረስነውን ግማሽ እውነት ማረም አለበት። ቆላ በዘፈናችንና በቲያትራችን ወይ የጀግና መፈተኛ፣ ወይ የሞት አገር ሆኖ ኖሯል። በንዳድ ወድቆ የተነሣው ጎበዝ ይወደሳል፤ አጎበር ዘርግቶ የተኛው ግን ግጥም አልተገጠመለትም። ለመውረድ በመናኸሪያ የተሰበሰበ ወጣት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ተውኔት ቆሞ ለማየት ጊዜ አያጣም። በዚያ ተውኔት ውስጥ ሦስት ነገሮች ቢቀሩለት ይበቃል፦ ከደመወዝህ ላይ ከሆድህ አትቆጥብ፤ ከግራር ሥር አትደር፤ ወደ አገርህ ከተመለስህ በኋላ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ከያዘህ፣ ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድመህ «ከመተማ ነው የመጣሁት» በለው። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቃል ብቻ ናት። በሊቦ ከምከም ሁለት ዓመት የፈጀውን ፍለጋ ልታሳጥር የምትችል ቃል ግን እርሷ ናት።